ጋቢ የለበሱት ወራሪዎች

ፊልሜ ውስጥ ያሉት ወራሪዎች እግር የላቸውም። ከሌላ ፕላኔት ስለመጡ አይደለም፤ እኔ እግር ማስኬድ ስላቃተኝ ነው። በአኒሜሽን አንድ ፍጡር ሦስት እርምጃ እንዲራመድ ዳሌውን፣ ጉልበቱን፣ ቁርጭምጭሚቱን አንድ በአንድ ማንቀሳቀስ ይጠይቃል። እኔ ያለኝ ደግሞ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ፣ ከኢንተርኔት በነፃ ያወረድኩት ፕሮግራምና ከሥራ የተረፈ ጉልበት ነው። ሥራዬ ጫማ መሸጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው እግሩን ሲዘረጋልኝ ውዬ ቤቴ ስገባ ደግሞ የኤሊየን እግር ልሣል እንዴ? ከአንገታቸው እስከ መሬት ጋቢ አለበስኳቸውና ተገላገልኩ።

አፍም የላቸውም። ከንፈርን ከድምፅ ጋር ማስማማት ከእግርም የባሰ ጣጣ ነው። ሎስ አንጀለስን ለመውረር ከሰማይ የወረዱት ፍጡራን እንግዲህ እግርም አፍም የሌላቸው፣ በነጭ ጋቢ የተከናነቡ፣ በየመንገዱ የሚንሳፈፉ ናቸው። መጀመሪያ ያየቻቸው እናቴ ናት። ትንሽ ተመለከተቻቸውና «ለቅሶ ቤት የሚሄዱ ይመስላሉ» አለችኝ።

«አስፈሪ ፊልም ነው እማዬ። ኤሊየኖች ናቸው።»

«ኤሊየንማ እኛ ነን። የመኖሪያ ፈቃዳችን ላይ የጻፉልን እሱን አይደል?» አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

አባቴ ግን አፍ ነበረው። ታክሲ በነዳባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ መኪናውን ያቆምና ከሚያዘወትርበት ምግብ ቤት ገብቶ ወሬ ይጀምራል። ከአውሮፕላን ማረፊያ ያመጣውን ተሳፋሪ፣ የጎረቤቱን ውሻ፣ የራሱን አማት ሳይቀር እያዋዛ ሲያወራ ሰው ምሳው ይቀዘቅዝበታል። ጓደኞቹ ሲሰለቻቸው «አንተ ሰው፣ ዝም አይነቅዝም እኮ!» ይሉታል። «ዝም ባይነቅዝም እኔ እነቅዛለሁ» ይላቸውና ይቀጥላል።

በአማርኛ ጉዳይ ላይ ቀልድ አያውቅም ነበር። እሱና እናቴ ዲቪ ደርሷቸው ይዘውኝ ሲመጡ አሥር ዓመቴ ነበርና ምላሴ ሁለት ቦታ ነው ያደገው። በተለይ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ጠምዶ ይዟት ነበር። «ሶ ምንድን ናት?» ይለኛል። «እስቲ ንገሪኝ፣ ሶ ከየት መጥታ ነው ንግግራችን መሐል የተዘፈዘፈችው? አማርኛ ‹ስለዚህ› አጣ? ‹ታዲያ› አጣ?»

«ሶ፣ ምን ልበል አባዬ?» እለዋለሁ ሆን ብዬ። ጫማውን ያነሣብኛል።

አንድ ጠዋት ያንኑ ጫማውን ሲያስር ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ስትሮክ ነው አሉን። ሆስፒታል ውስጥ ነቅቶ እኔንና እናቴን ሲያየን አፉን ከፈተና «ሶ» አለ። የሚቀጥለውን ጠበቅን። ምንም አልቀጠለም። ውሃ ሲፈልግ ሶ፣ ሲያመው ሶ፣ እናቴን ሲጠራት ሶ። ያን ሁሉ ዘመን የሰበሰበው ቃል፣ ተረቱ፣ ስድቡ፣ ምርቃቱ ሁሉ ጥሎት ሄዶ አብራው የቀረችው የሚጠላት ቃል ብቻ ሆነች። እውነቱን ልናገር፣ ከክፍሉ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የምንለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋልም። ያንን ማወቁ ነው የጎዳው። ጓደኞቹ ጋርዴና ያለው ቤታቸው ድረስ ሊጠይቁት ሲመጡ መኝታ ቤት ገብቶ የተኛ መስሎ ይጋደማል። ፌርፋክስን ረገማት። መኪና ውስጥ እንደምንም አስገብቼው ወደዚያ ስታጠፍ እጄን ከመሪው ላይ ሊያስለቅቀኝ ነበር የደረሰው። በሰው ፊት «ሶ» ከሚል ቢሞት እንደሚመርጥ ገባኝ። እኔም ከዚያ ወዲያ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አባቴ ያ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ከሰው ጋር እንዲቀመጥ። ባያወራም ይቀመጥ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ዝምታ ነበር። እናቴ ሃውቶርን አካባቢ አረጋውያን ትጦራለች። ከሥራ ስትመለስ ቁልፍ በእጇ ይዛ እንኳ ሳትጣራ ገብታ አታውቅም። በር ላይ ቆማ «ቤቶች!» ትላለች፤ አባቴ ካለበት ሆኖ፣ ሻወር ውስጥም ቢሆን፣ «ደጆች!» ይላታል። ከዚያ ነው ቁልፉ የሚዞረው። ልጅ ሆኜ፣ ቁልፍ ያለው ሰው ምን ያስጣራዋል ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ሰው ያለበት ቤት ዝም ተብሎ አይገባም» አለችኝ። አባቴ ከሆስፒታል በተመለሰ ሰሞን እንደ ልማዷ ተጣርታ ትጠብቅ ነበር። ከውስጥ «ሶ… ሶ…» ይላል፤ ከዚያ ያገኘውን ዕቃ ሲወረውር ይሰማል። ሳምንት ሳይሞላ መጣራቷን ተወች። አሁን የሚሰማው የቁልፉ ድምፅ ብቻ ነው። ያን ድምፅ እንደ ጠላሁት ምንም ጠልቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ሥራ ስለምትውል እኔ ከምኖርበት ከፓልምስ መጥቼ ከአባቴ ጋር እውላለሁ። ላፕቶፔን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ወራሪዎቼን አንሳፍፋለሁ፤ እሱ ቴሌቪዥን ላይ ኳስ ያያል። አንድ ቅዳሜ ዳኛው ላይ ሲቆጣ «ሶ!» ያላትን በስልኬ ቀዳኋት። ለምን እንደቀዳኋት በጊዜው አላሰብኩበትም። ቤቴ ስገባ ድምፁን አወፈርኩት፣ አዘገየሁት፣ ትንሽ ማስተጋባት ጨመርኩበት። ከላፕቶፑ የወጣው ነገር ፀጉሬን አቆመው። አፍ የሌላቸው ወራሪዎቼ ቋንቋ አገኙ።

ሳምንቱን ሙሉ ግን ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። የአባቴን ጉዳት ወስጄ ለጭራቅ ሰጥቼዋለሁ። ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል? እሱስ ቢሰማ? በሚቀጥለው ቅዳሜ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እየሠራሁ፣ ለካ ሽቦው ከላፕቶፑ ወልቋል። «ሶሶሶ…» እያለ ቤቱን ሞላው። ዞር ስል አባቴ ከኋላዬ ቆሟል።

ወደ ስክሪኑ ጠቆመ። ከዚያ ወደ ደረቱ። «ሶ?»

«አዎ አባዬ፣ አንተ ነህ። ሳልጠይቅህ ሪኮርድ አደረግኩህ። ይቅርታ፣ አጠፋዋለሁ።»

መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ያለቀሰ መስሎኝ ተነሣሁ። እየሳቀ ነበር። ከታመመ ወዲህ ስቆ አያውቅም። እንባው እስኪወርድ ሳቀና ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እንደገና አጫውቺው ብሎ ጠቆመኝ። ሰማው፤ ራሱን ነቀነቀ፤ አልወደደውም። ስልኬን አፉ ላይ አስጠግቶ አዲስ «ሶ» አለበት፤ የሚያስፈራራ። ከዚያ የሚለምን። ከዚያ የሚዋሽ። እንግዳ ተቀብሎ በሆዱ የሚረግም ሰው ሶም አለችው። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ትሸከማለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቅዳሜያችን ሥራ ሆነ፤ እሱ ጢሙን ተላጭቶ መጠበቅ ጀመረ።

ወራሪዎቹ የመጀመሪያውን ቤት የሚወርሩበት ቦታ ላይ ስንደርስ ግን ተጣላን። እነሱ በሩን እንደ ጭስ አልፈው ነው የሚገቡት፤ በር መክፈት እጅ ይጠይቃል፣ እጅ ደግሞ አልሣልኩላቸውም። አባቴ ጠረጴዛውን መታ። «ሶ!» ምን እንዳስቆጣው አልገባኝም። ከዘራውን ይዞ ተነሣ፣ ወጣ፣ በሩን ከውጭ ዘጋው። ተከትዬ ከፈትኩለት። አይደለም ብሎ በእጁ አሳየኝና መልሶ ዘጋው። ደግሜ ከፈትኩ፤ ጭራሽ ተቆጣ። ሦስተኛ ጊዜ አልከፈትኩም። ከውስጥ ቆሜ አዳመጥኩ። በሩ ማዶ ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ አንድ ነገር ለማለት ሲታገል ይሰማኛል። «ሶ…» ይላል። ዝም ይላል። «ሶ…»

«ቤቶች?» አልኩ ከውስጥ። «ቤቶች ማለትህ ነው አባዬ?»

በከዘራው በሩን ሁለት ጊዜ መታው። ስከፍት ዓይኑ ረጥቧል። ከየትም ፕላኔት ቢመጣ፣ ወራሪም ቢሆን፣ ሰው ቤት ሳይጣራ አይገባም። ያለኝ ይኸው ነበር።

እኔም ፊልሙን አፍርሼ እንደገና ጀመርኩ። በአዲሱ ፊልም የወራሪዎቹ ኃይል ደጅ ላይ ያበቃል። በር ላይ ይቆሙና በሚያባብል የሰው ድምፅ «ቤቶች!» ይላሉ። ከውስጥ «ደጆች!» ያለ ሰው አለቀለት፤ ፈቅዷልና ይገባሉ። ዝም ያለ ይተርፋል። የፊልሙን ስም «ዝም አይነቅዝም» አልኩት። አባቴ ስሙን ሲያይ ጫማውን በግራ እጁ ሊያነሣ ሞከረ።

የሚያባብለውን ድምፅ ከማን ላገኝ ነው? እናቴን ጠየቅኳት። «እኔ ጌታን የማመሰግንበትን አፍ ለጭራቅ አላውስም» አለች። ራሴ ሞክሬ አሰማኋት። ፊቷን አጨማደደች።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚጣሩት? ፖሊስ መሰልሽ እኮ!»

«ሶ፣ አንቺ አሳዪኛ!»

ወደ መኝታ ቤቱ በር አየች። አባቴ እዚያ ነው። «እዚህ አልልም» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሱ ይሰማል።»

ወጥተን መኪናዋ ውስጥ ገባን። መስኮቱን ዘጋን፤ የድሃ ስቱዲዮ መኪና ነው። ስልኩን ያዝኩላት። መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ፊት ለፊት እያየች «ቤቶች!» አለች። ልክ እንደ ድሮው፤ ድካምም ጉጉትም ያለበት፣ መጨረሻው ወደ ላይ ከፍ የሚል። ከዚያ ዝም አለች። ለካ መልሱን እየጠበቀች ነው።

«አንዴ ይበቃል?» አለችኝ ቆይታ።

«ይበቃል እማዬ።»

ፊልሙ አለቀ፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ። የአባቴ ጓደኛ፣ ጋሼ የምለው፣ ምግብ ቤቱን ለምኖ የጓሮውን ክፍል ለእሑድ ከሰዓት አስፈቀደልኝ። አባቴ አልሄድም አለ። «ዋናው ተዋናይ ካልመጣ አይታይም» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለመንኩት፤ ግድግዳውን ለመንኩት ማለት ይሻላል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግን ጥቁር ሱፉን ራሱ አውጥቶ አልጋው ላይ ዘርግቶት አገኘነው። እናቴ ከረባቱን አሰረችለት።

ክፍሉ ሞልቷል። መጋረጃው ተዘግቶ ግድግዳው ላይ አንሶላ ተወጥሯል። አባቴ ከዘራውን ይዞ ሲገባ ሰው ሁሉ «ኖር! ኖር!» እያለ ተነሣለት። መልሱ «በእግዜር» ነው፤ ሕፃን ያውቀዋል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ክፍሉ ጠበቀው።

«ሶ» አለ።

አባቴ አንገቱን ደፍቶ ወደ በሩ ዞረ። የምለምነው ነገር ሁሉ በዚያች ደቂቃ ከእጄ ሲወጣ ታየኝ። ጋሼ ግን ፈጥኖ ክንዱን ያዘው። «ሶ ብለሃል፣ ሰምተናል። በቃ ቁጭ በል!» ብሎ ጎትቶ ፊተኛው ወንበር ላይ ከእናቴ ጎን አስቀመጠው።

መብራት ጠፋ። ጋቢ ለባሾቹ ከሰማይ ሲወርዱ ሰው በሳቅ ፈረሰ። «የማን ለቅሶ ነው?» አለ አንዱ። የአባቴ ድምፅ ሲመጣ ግን ጸጥ አሉ። ከኋላ አንዲት እናት «በኢየሱስ ስም!» ብለው ገሠጹት። አባቴ ደረቱን ነፋ። ከዚያ ፊልሙ ውስጥ ያለው ጎረቤት «ደጆች!» ብሎ ሲጠፋ፣ ዕቁብ ሰብሳቢዋ «ደጆች!» ብላ ስትጠፋ ሰው ሕጉ ገባው፤ እርስ በርሱ «ዝም በሉ» መባባል ጀመረ።

መጨረሻ ላይ በከተማዋ አንድ ቤተሰብ ብቻ ይቀራል። መብራት አጥፍተው፣ አባትየው ሁለት እጁን አፉ ላይ ጭኖ፣ በሩን እያዩ ይጠብቃሉ። ደጅ ላይ የጋቢ ጥላ ይቆማል። ከዚያ የእናቴ ድምፅ።

«ቤቶች!»



«ደጆች!» አለ አባቴ።

ጥርት ያለ፣ የድሮው ድምፁ። መጀመሪያ ማን እንዳለው ያወቀ የለም። ከዚያ ጋሼ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። «ኧረ አንተ ሰውዬ! አስገባሃቸው እኮ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ዓለምን አስጨረስካት!» ሰው ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ያጨበጭባል። ፊልሜ እንዴት እንዳለቀ እስከ ዛሬ ያየ የለም።

መብራት በርቶ ከበቡት። «እስቲ ድገማት! ቤቶች!» ይሉታል። ይሞክራል፤ አንገቱ ላይ ሥሩ ይገተራል፤ «ሶ» ይወጣል። «ቤቶች!» ይሉታል ደግመው። «ሶ።» ደስታው ከፊቱ ላይ እየጠፋ ሲሄድ ሳይ ተናደድኩ። «ተዉት በቃ!» ብዬ ታላላቆቼ ላይ ጮህኩ። እናቴን ስፈልጋት የለችም።

ፌርፋክስ ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ ቆማ አገኘኋት። አውቶቡስ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«እኔ ነኝ ያቆምኩት» አለችኝ። «ተስፋ ቆርጬ፣ ሰው እንደሌለበት ቤት ዝም ብዬ እየገባሁ።»

«እሱ እንዳይከፋው ብለሽ ነው እማዬ።»

«እኔ እንዳይከፋኝ ብዬ ነው» አለች።

ማክሰኞ አባቴን ቤት ድረስ የምታክመው የንግግር ሐኪም መጣች። ደግ ፈረንጅ ናት፤ የቤዝቦል ጓንት የተሣለበት ካርድ እያሳየች ስሙን በል የምትለው። የሆነውን ነገርኳት። ሰላምታና ጸሎት የመሰሉ የተለመዱ ነገሮች እንዲህ ሳይታሰቡ አንዳንዴ ያመልጣሉ፣ መናገር ጀመረ ማለት ግን አይደለም፣ ብዙ ተስፋ አታድርጉ አለችኝ። ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። «እሺ» ብላ ዘጋችው።

ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ወጥ ቤት ነበርን። በአንድ እጁ ብርቱካን ይልጣል፤ አላግዝም፣ ስለሚቆጣ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የእናቴን እርምጃ ደረጃው ላይ ሰማነው። የቁልፎቿን መንኳኳት ሰማነው። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ቤቶች!»

አባቴ ብርቱካኑን አስቀመጠና አየኝ። እኔ ልመልስላት አፌን ከፍቼ ነበር። በሁለት እጄ ግጥም አድርጌ ያዝኩት፤ ልክ እንደ ፊልሜ ሰውዬ።

«ሶ…» አለ አባቴ።

በሩ ማዶ ቁልፉ አልተንቀሳቀሰም። አልሄደችም፣ አልገባችም፣ አልደገመችም። ቆማ ጠበቀችው።

«ሶ…» አለ። ጠረጴዛውን በእጁ ተደገፈ። «ሶ… ደጆች!»

ቁልፉ ዞረ።

«ሰው አለ ማለት ነው» አለች እናቴ ገብታ፣ ጫማዋን እያወለቀች።